ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ስቴንት ለገባላቸው አረጋውያን

የጠበበ የልብ ደም ቧንቧን ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በፊኛ የመክፈት ሕክምና በነቃ ታካሚ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1977 ዙሪክ ውስጥ ነው፤ ሐኪሙ አንድሪያስ ግሩንትሲግ ነበር። ዛሬ ቧንቧው ተመልሶ እንዳይጠብ በአብዛኛው ስቴንት የተባለ የብረት መረብ ይገባበታል። ፕላትሌት የተባሉት የደም ሕዋሳት በብረቱ ላይ ተጣብቀው ደም እንዳይረጋ፣ ታካሚው ከአስፒሪን ጋር ክሎፒዶግሬል፣ ፕራሱግሬል ወይም ቲካግሬሎር ይወስዳል። በሕክምናው ሰዓት ደግሞ ሄፓሪን በደም ሥር ይሰጠዋል።

በዕድሜ የገፋ ሰው ግን ደሙ የመርጋትም፣ እሱ ራሱ የመድማትም አደጋው አብሮ ይጨምራል። ኩላሊቱ ይደክማል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ደም ማነስና የጨጓራ ቁስለት ይደራረቡበታል። ለጎልማሳ የተመጠነው ለእሱ ሊበዛበት ይችላል። ፕራሱግሬልን ብንወስድ፣ የተለመደው የቀን መጠን 10 ሚሊ ግራም ነው፤ ክብደቱ ከ60 ኪሎ በታች ለሆነ ሰው፣ ወይም ሐኪሙ የግድ ያስፈልጋል ካለ 75 ዓመት ለሞላው፣ 5 ሚሊ ግራም ይሆናል። ስትሮክ አግኝቶት የሚያውቅ ሰው ጭራሽ አይሰጠውም።

እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የኔዘርላንድስ ጥናት፣ ፖፑላር ኤጅ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ይዟቸው ሆስፒታል የገቡ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 1,002 ሰዎች ተከታትሏል። ክሎፒዶግሬል ከተሰጣቸው 18 ከመቶው ሲደሙ፣ ጠንከር ያሉት (በአብዛኛው ቲካግሬሎር) ከተሰጣቸው 24 ከመቶው ደምተዋል። ሞት፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና መድማት አንድ ላይ ሲታዩም ክሎፒዶግሬል ከሌሎቹ አላነሰም። ለብዙ አዛውንት ለስለስ ያለው መድኃኒት የተሻለ ምርጫ ሊሆን እንደሚችል ይህ ያመለክታል።

አስፒሪንና ከእሱ ጋር የታዘዘው መድኃኒት አብረው የሚወሰዱት ድንገተኛ ሕመም ለነበረበት በተለምዶ 12 ወር፣ ሕመሙ ለተረጋጋ 6 ወር ነው። የመድማት ሥጋት ሲያይል ሐኪሙ ወደ 1 ወይም 3 ወር ሊያሳጥረው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ብቻ ይቀጥላል። የልብ ምቱ የተዛባበትና እንደ አፒክሳባን ያለ ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ታካሚ አስፒሪኑን ብዙ ጊዜ በሳምንት ገደማ ውስጥ ያቆማል። ቱቦውን በብሽሽት ፈንታ በእጅ አንጓ ማስገባትም መድማትን ይቀንሳል።

በቤት ውስጥ ሁለት ነገሮች ብርቱ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው ለጉልበት ወይም ለወገብ ሕመም ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ነው፤ ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲወሰድ ጨጓራን ያደማል። ሁለተኛው ጥርስ ለማስነቀል ሲባል ክኒኑን በራስ ውሳኔ ማቆም ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስቴንቱ በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላል። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ታካሚ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን መታየት አለበት።