የስምንት ቀን ዝገት

ዝገት የቀን መቁጠሪያ ነው። የተቃጠለ ታንክ በትንሹ አስመስሎ ለመሥራት የተቀመጠ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል። ደኅና ታንክ ዕለት አይጠይቅም፤ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ቢቀባ፣ ጥቂት አቧራ ቢነሰነስበት፣ የየትኛውም ዘመቻ፣ የየትኛውም ሳምንት ታንክ ሊሆን ይችላል። የወደመ ታንክ ግን የሞተበት ሰዓት አለው፤ ከዚያች ሰዓት ወዲህ የተቆጠረ ዕድሜም አለው። በመጀመሪያው ቀን አመድና ጥላሸት ነው። ጥቂት ቀን ሲያድር እሳት ቀለሙን የገፈፈው ብረት ደማቅ ብርቱካናማ ይለብሳል። ክረምት ሲያልፍበት ይጠቁራል፤ ዓመታት ሲቆጠሩ ሣር ያቅፈዋል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ስለዚህ ሠሪው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት «ይህ ታንክ ከሞተ ስንት ቀኑ ነው?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ግድ ይለዋል። ጥያቄው የቀለም ይመስላል፤ መልሱ ግን የሚገኘው ከታሪክ መጽሐፍ ነው።

እኔ የሠራሁት ታንክ የሞተበት ቀን የታወቀ ነው፦ እሑድ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም.። ቦታው ከተከዜ ወደ ሽሬ በሚያወጣው መንገድ ላይ የሚገኘው የደምበጊና በር ነው። የፋሺስት ጣሊያን ጦር መስከረም 22 ቀን መረብን ተሻግሮ እስከ ኅዳር ድረስ አድዋን፣ አክሱምንና መቀሌን ይዞ ነበር። ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የጎጃምን ጦር አስከትለው ወደ ሰሜን ገሠገሡ። ኋላ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉልን ሐዲስ ዓለማየሁ በእኒህ ራስ ሥር ከዘመቱት ወጣቶች አንዱ ነበሩ። ጦሩ ተከዜን ሲሻገር ከማዶ የጠበቀው የጣሊያን ኃይል በሻለቃ ክሪኒቲ የሚታዘዝ ነበር፤ አንድ ሺህ ያህል ሰው፣ አብዛኛውም ኤርትራዊ፣ ከእነርሱም ጋር ጥቂት ትንንሽ ታንኮች። ክሪኒቲ ወደ ደምበጊና አፈገፈገ። በሩ ዘንድ ሲደርስ ግን ኢትዮጵያውያኑ ቀድመው ይዘውት ኖሯል። ታንኮቹ መንገዱን እንዲከፍቱ ታዘዙ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታሪክ ጸሐፊዎች በዝርዝሩ ይለያዩበታል፤ በዋናው ነገር ግን ይስማማሉ። ጠመንጃና ጎራዴ የያዙ ሰዎች ታንኮቹን ከኋላ እየቀረቡ ወጡባቸው። የመትረየሱን አፈ ሙዝ በጉልበት አጣመሙት የሚል አለ፤ ክዳኑን አንኳኩተው አስከፈቱት የሚልም አለ። በድንጋይ መካከል ተወጥረው የቆሙት ተገለበጡ፣ ተቃጠሉ። በሩ በኢትዮጵያውያኑ እጅ ቀረ፤ የራስ እምሩ ጦርም ወደ ሽሬ እንዳ ሥላሴ ገፋ።

ይህን የመሰለ ታሪክ ስንሰማ ብዙዎቻችን በልባችን ለማጋነኛ የሚሆን ጥቂት ቦታ እንተውለታለን። ሰው በእጁ ታንክ ያሸንፋል ወይ? የፉከራና የቀረርቶ አገር ልጆች ነንና፣ ጀግንነት ሲነገረን ከግማሹ ቀንሰን መስማት ለምደናል። እኔም ቅናሹን ይዤ ነበር ወደ ሥራው የገባሁት። ቅናሹን የሰረዘልኝ ማስመሪያ ነው።

የታንክ ሞዴል ሠሪዎች በብዛት የሚሠሩበት ልኬት 1 ለ 35 ነው። ይህ ቁጥር የተወለደው ከባትሪ ነው፤ ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ በሞተር የሚሄድ የጀርመን ፓንተር ታንክ ሞዴል ሲያወጣ፣ ባትሪዎቹ እንዲገቡለት ብሎ የመረጠው መጠን ኋላ ሲለካ ወደ 35ኛ እጅ ሆኖ ተገኘ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በዚህ ልኬት ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 4.9 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በደምበጊና የተሰለፈው ሲ.ቪ.33 የተባለው ታንክ ደግሞ ከመሬት እስከ ጣራው 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነውና 3.7 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ርዝመቱ 9፣ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ መዳፍ ላይ ተቀምጦ ቦታ ይተርፋል። ገጣጥሜ እንደ ጨረስሁ አንድ የሰው ምስል አጠገቡ አቆምሁ። ሰውየው ታንኩን ቁልቁል ያየዋል። ጣራው ደረቱ ዘንድ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሌላው ሁሉ ተከትሎ መጣ። ሦስት ቶን ከምናምን የሚመዝነው ይህ ታንክ የሚዞር ማማ የለውም። መትረየሱ ከፊት ለፊት ተተክሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጥቂት ብቻ ይላል፤ ጎኑን ለመምታት ታንኩ ራሱ ሙሉ በሙሉ መዞር አለበት። ባለ ሰፊ ሜዳ ይህ ቀላል ነው፤ ቋጥኝ በሞላበት በር ግን ሰንሰለቱ ይያዛል። ውስጡ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተጣብቀው ይቀመጣሉ፣ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ይተኩሳል። ክዳናቸውን ከዘጉ የሚያዩት በጠባብ ቀዳዳ ነው፤ ከኋላቸው ሞተሩ እየጮኸ የሰው ኮቴ ሊሰሙ አይችሉም። ከጣሊያኖቹ መካከል «የሳርዲን ቆርቆሮ» ብለው የሚጠሩት ነበሩ። በዚያ በር ከኋላ የመጣ ደፋር ሰው የሚያስፈልገው ወደ ታንኩ የሚያደርሰው ልብ ነው፤ ከደረሰ በኋላ መውጣቱ አጥር የመዝለል ያህል ነው። ትረካው ተጋንኖ አልነበረም። የተጋነነው በአእምሯችን የነበረው ታንክ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የውፍረት ነገር ነው። የዚህ ታንክ ብረት በወፈረበት በኩል 14 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በሳሳበት 6 ያህል ነው። በ35 ሲካፈል የወፈረው 0.4፣ የሳሳው ከ0.2 ሚሊ ሜትር በታች ይሆናል። የሞዴሉ ፕላስቲክ ግን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ ወደ እውነተኛው ሲመለስ 35 ሚሊ ሜትር ብረት መሆኑ ነው። ደኅና ታንክ ለሚሠራ ሰው ይህ ግድ አይሰጠውም፤ ጠርዙ አይታይምና። ታንኩ ሲከፈት፣ ሲቀደድ፣ ክዳኑ ተገንጥሎ ሲንጠለጠል ግን ውፍረቱ ይጋለጣል፣ ውሸቱም አብሮ ይጋለጣል። ስለዚህ የሚታየውን ጠርዝ ሁሉ ከውስጥ በኩል በምላጭ ፋቅሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሳሳሁት፤ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ። የተጨማደደውን የጎን ላሜራ ከፕላስቲክ ማውጣት ስለማይቻል ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ ቆርጬ ሠራሁትና በጣቴ አጣመምሁት። ጣት ሲያጣምመው እንደ እውነተኛ ላሜራ ይታጠፋል። ኢጣልያ በዓለም ፊት ያቀረበችው የዘመናዊነት ግርማ ከዚህ አይወፍርም ነበር።

የማቆሸሹ ሥራ የሚጀምረው እሳቱ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ሄደ በማሰብ ነው። የዚህ ታንክ ሞተር ከኋላ ነው። ነዳጁ የነደደበት ወገን ቀለሙን ፈጽሞ ያጣል፤ ብረቱ እርቃኑን ቀርቶ ነጣ ያለ አመድ ይለብሳል። ከዚያ ወደ ፊት ሲኬድ ቀለሙ ይላላጣል፣ ይጠቁራል፤ በአፍንጫው በኩል ደግሞ እሳቱ ሳይደርስበት የቀረ፣ ደኅና ቀለም ያለው ጥግ ይገኛል። ጨካኙ ክፍል ይኸው ደኅናው ጥግ ነው፤ ታንኩ ትናንት ምን እንደ ነበረ የሚናገረው እርሱ ነውና።

ለመላላጡ ጨው ተጠቀምሁ፤ የማድ ቤት ጨው። አስቀድሞ የዝገቱ ቀለም ይቀባል። ሲደርቅ ውኃ ይርከፈከፍበትና ጨው ይነሰነስበታል። በላዩ የታንኩ ቀለም ይቀባል። ያም ሲደርቅ ጨው ተፈርፍሮ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ዝገት እንደ ቁስል ብቅ ይላል። አመዱንና አቧራውን ከተፈጨ ጠመኔና ከደረቅ የቀለም ዱቄት ቀላቅዬ በለስላሳ ብሩሽ አሳረፍሁት።

እዚህ ላይ የቀኑ ጥያቄ ተመልሶ መጣ። የወደመ ታንክ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ዝገት ያበዛሉ፤ ደማቅ ነውና ዓይን ይስባል። ነገር ግን ወሩ ታኅሣሥ ነው። በደጋ በታኅሣሥ ዝናብ የለም፤ ያለው የሌሊት ጤዛ ነው። ጤዛ በተቃጠለ ብረት ላይ ቀጭን ብርቱካናማ ዱቄት ያወጣል እንጂ የሚላጥ ወፍራም ዝገት አያወጣም። ያን ለማየት ሰኔንና ሐምሌን መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት በሰኔና በሐምሌ ግን ታሪኩ ሌላ ነበር፤ የራስ እምሩ ጦር በየካቲት መጨረሻ በሽሬ ጦርነት ተሸንፎ፣ አዲስ አበባም ተይዛ ነበር። በወፍራም ዝገት የተሸፈነ የደምበጊና ታንክ የድል ምስክር መሆኑ ቀርቶ በተሸነፈች አገር መንገድ ዳር የተጣለ ብረት ይሆናል። ቀለም መምረጥ ማለት ከታሪኩ የትኛውን ገጽ ገልጦ መተው ማለት ነው።

ታንኩ አጠገብ ማን ይቀመጥ የሚለውም ቀላል አልነበረም። ውስጡ የነበሩት ሁለት ጣሊያኖች ናቸው፤ ከእናት የተወለዱ። በሩን ያጠሩት ከጎጃም በእግራቸው የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ከታንኩ ኋላና ጎን ሲዋጉ የወደቁት ግን አብዛኞቹ ኤርትራውያን ናቸው፤ የመረብን ውኃ ከወዲህ ማዶ ካለው ሰው ጋር የሚጋሩ፣ በአንድ ጾም የሚጾሙ፣ ባልመረጡት ባንዲራ ሥር የተሰለፉ። ክሪኒቲ በስሙ ታሪክ ውስጥ ገብቷል፤ እነርሱ በቁጥር ነው የገቡት። በሞዴሉ ሳጥን ውስጥ ከእነዚህ ሁሉ አንድም ሰው የለም፤ ብረት ብቻ ነው ያለው። ሬሳ ከፕላስቲክ ቀርጾ መቀባት እጄ እሺ አላለኝም። መሬቱን የተረጋገጠ ደረቅ ሣርና ድንጋይ አድርጌ ባዶውን ተውሁት። ለልክ ብዬ ያቆምሁትንም ሰው አነሣሁት።

አሁን ወደ ቀኑ ልመለስ። ታኅሣሥ 13 ቀን፣ ከደምበጊና ድል ስምንት ቀን በኋላ፣ ራስ እምሩ ኋላ እንደ መሰከሩት፣ በተከዜ አካባቢ በነበረው ጦራቸው ላይ የጣሊያን አውሮፕላኖች እንግዳ በርሜሎች ጣሉ። በርሜሎቹ መሬትና ውኃ ሲነኩ ተሰብረው ቀለም የሌለው ፈሳሽ ረጩ። የነካቸው ሰዎች እጅ፣ እግርና ፊት ውኃ ቋጠረ፤ ከወንዙ የጠጡት ተሠቃይተው ሞቱ። የሰናፍጭ ጋዝ ነበር። ኢጣልያ በ1925 (እ.ኤ.አ.) በጄኔቭ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን ስምምነት ፈርማ ነበር። በኢትዮጵያ መጠቀሟን የመከላከያ ሚኒስቴሯ በይፋ ያመነው በ1996 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ።

በእጅ የተሸነፈ ብረት በእጅ በማይያዝ ነገር ተበቀለ። ለሞዴል ሠሪ ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው። እሳት ጥላሸት ይተዋል፣ ጥይት ቀዳዳ ይተዋል፣ ጤዛ ዝገት ይተዋል፤ ለእያንዳንዱ ቀለምና ብልኃት አለን። ሰናፍጭ ጋዝ በታንክ ላይ የሚተወውና እኔ ልቀባው የምችለው ምልክት የለም። የዘጠነኛውን ቀን ታንክ ከስምንተኛው የሚለይ ቀለም የለም። ብረቱ ያው ነው፣ አመዱ ያው ነው፣ ሣሩም ያው ነው። የተለወጠው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ በሳጥኑ ውስጥ አልነበረም። ታንኮቻችንን፣ ሜዳሊያዎቻችንንና ጎራዴዎቻችንን በመስታወት ውስጥ አስቀምጠን የምናየው ታሪክ ሁልጊዜ ብረት ያስታወሰው ታሪክ ነው። ቆዳና ሳንባ ያስታወሱት ከባለቤታቸው ጋር ይቀበራል፤ የሚተርፈው የመሰከረና የጻፈ ሰው ሲገኝ ብቻ ነው። ስለዚህም ነው የራስ እምሩ ቃል ከየትኛውም የተማረከ መትረየስ የሚከብደኝ።

ዝገቱን በስምንተኛው ቀን አቆምሁት። ቀጭን ነው፤ ከሩቅ አይታይም፤ ጠጋ ያለ ሰው በተቃጠለው ወገን ላይ እንደ በርበሬ ዱቄት ተነስንሶ ያገኘዋል። በእንጨቱ መቆሚያ ላይ የታንኩን ስም አልጻፍሁም። የጻፍሁት ቦታና ቀን ብቻ ነው፦ «ደምበጊና፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ንጋት»። የሚያዩት ሰዎች ጦርነቱ በ5 እንደ ነበረ የሚያውቁ ከሆነ ስለ ምን 13 እንደ ተባለ ይጠይቁኛል። ያን ጊዜ ስለ ታንኩ ማውራት ትቼ ስለ ወንዙ እነግራቸዋለሁ።