ሼን ቢና ከተነቀለ በኋላ ምን እንብላ?

ሼን ቢና የምንለው የመጨረሻው መንጋጋ ሲነቀል፣ ቁስሉን የሚከላከለው በቦታው የረጋው ደም ነው። እሱ ከተነሳ ሕመሙ ይበረታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አይጉመጥመጡ፣ አያጭሱ፣ በቃሺት (በስትሮ) አይጠጡ። እርጎ፣ የቀዘቀዘ አጥሚትና የተፈጨ አቮካዶ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ለብ ያለ አልጫ ሽሮ፣ ለስላሳ ገንፎ፣ የተፈጨ ድንችና እንቁላል ፍርፍር ይጨምሩ። እንቁላሉና ሽሮው ገላን ይጠግናሉ። ቆሎ፣ ሚጥሚጣና ትኩስ ቡና ግን ይቆዩ።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ወላጆቻችን «አፌን አመመኝ» ብለው ምግብ መዝለል የለባቸውም፤ ስለ መድኃኒታቸው አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ።

በፔታህ ቲክቫ ክሊኒክ የሚሰጥዎት መመሪያ በዕብራይስጥ ብቻ ከሆነ፣ ከመውጣትዎ በፊት ያስተርጉሙት። ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ከባሰ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሳይዘገዩ ለጥርስ ሐኪሙ ይደውሉ።