የፈረሰ ሰፈር ልጆች፤ የሶፊያታውን ደራስያንና የተወላጅነት ጥያቄ

የአንድን ከተማ ወይም ሰፈር ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በመጨረሻው ገጽ ላይ «ከሰፈሩ የወጡ ታዋቂ ሰዎች» የሚል ዝርዝር ማስፈር ይወዳሉ። ዝርዝሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው፤ ስም፣ ሙያ፣ ዓመተ ምሕረት። ይሁን እንጂ ማን የሰፈሩ ተወላጅ እንደሚባል፣ ማን ነዋሪ ብቻ እንደሆነ፣ ስማቸው ያልገባውስ እነማን እንደሆኑ መጠየቅ ሲጀመር ጉዳዩ የታሪክም የሥነ ጽሑፍም ጥያቄ ይሆናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በጆሃንስበርግ ከተማ በነበረው ሶፊያታውን በተባለው ሰፈር አማካይነት ለመመርመር እሞክራለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩን እንዳነሳ ያደረገኝ የክፍል ውስጥ ገጠመኝ ነው። የካን ቴምባን አጭር ልቦለድ ሳስተምር አንዲት ተማሪ «ሰውየው የተወለደው ፕሪቶሪያ ከሆነ የሶፊያታውን ደራሲ የምንለው ስለምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። በችኮላ «ስለኖረበት ነዋ!» ብዬ አለፍኩ። መልሱ ስሕተት ባይሆንም በቂ አልነበረም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

ሰፈሩና አመሠራረቱ

ሶፊያታውን ከጆሃንስበርግ መሐል በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኝ መሬት ነበር። ኸርማን ቶቢያንስኪ የተባለ ነጋዴ በ1897 ገዝቶ በባለቤቱ በሶፊያ ስም ሰየመው። ለአንዳንዶቹ መንገዶችም የልጆቹን ስም ሰጠ። ሐሳቡ ለነጮች ሊሸጥ ነበር። ነገር ግን በአቅራቢያው የከተማው የቆሻሻ ፍሳሽ ማስወገጃ ሲሠራ ነጮቹ ስለሸሹት ለጥቁሮች፣ ለክልሶችና ለእስያውያን ይሸጥ ጀመር። በዚህ ምክንያት ሶፊያታውን ጥቁር ሰው በስሙ የመሬት ባለቤት ሊሆን ከሚችልባቸው ጥቂት የከተማ ቦታዎች አንዱ ሆነ። ከ1940 እስከ 1949 የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሐኪሙ ኤ. ቢ. ዙማ ቤታቸውን በቶቢ መንገድ የሠሩት ይህ መብት ስለነበረ ነው።

መብቱ ግን ጥበቱን አላስቀረውም። ባለርስቶቹ ዕዳቸውን ለመክፈል ከጓሯቸው ክፍል እየቀጠሉ ያከራዩ ስለነበር በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ ይኖር ነበር። ሐኪም፣ ወንበዴ፣ መምህር፣ አጣቢና ሙዚቀኛ አንድ ቧንቧ ይጠብቁ ነበር። ለልቦለድ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት አይገኝም።

ተወላጅና ነዋሪ

በዝርዝሩ ውስጥ ያለጥርጥር ተወላጅ ሊባል የሚገባው ብሎክ ሞዲሳኔ ነው። በ1923 እዚያው ተወለደ፤ አባቱ ተደብድቦ ሲሞት እናቱ መጠጥ እየሸጠች አሳደገችው። በ1959 ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። በ1963 ባሳተመው ግለ ታሪኩም የገዛ ሰፈሩን ሞት ከራሱ ሕይወት ጋር አጣምሮ ተረከ። ዶን ማቴራም በ1935 የተወለደው ከአጠገቡ ባለው ሰፈር ቢሆንም ያደገው በሶፊያታውን ነው። በወጣትነቱ የወሮበሎች ቡድን መሪ ነበር፤ ኋላ ገጣሚ ሆነ፤ የልጅነት ትዝታውንም በ1987 በመጽሐፍ አወጣ። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2022፣ ስለዚያ ሰፈር መናገሩን አላቆመም።

ካን ቴምባ ግን በ1924 በፕሪቶሪያው ማራባስታድ ተወልዶ፣ በፎርት ሄር ተምሮ የመጣ እንግዳ ነው። በ1953 «ድረም» የተሰኘው መጽሔት ባዘጋጀው የአጭር ልቦለድ ውድድር አሸንፎ ወደ ጋዜጠኝነት ገባ። በሬይ መንገድ የነበረችውን ክፍሉን «የእውነት ቤት» ብሎ ሰየማት። በዚያች ክፍል መጠጡም ክርክሩም እስከ ንጋት ይዘልቅ ነበር። ታዲያ እንግዳው ቴምባ ከተወላጆቹ ባላነሰ የሰፈሩ ድምፅ የሆነው እንዴት ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ቴምባ ሶፊያታውንን ተወልዶ ያገኘው ሳይሆን መርጦ የያዘው በመሆኑ ነው። ተወላጁ ሞዲሳኔ ከሰፈሩ ጋር ይጣላል፤ ድህነቱንና እፍረቱን ያነሳል። እንግዳው ግን ለሰፈሩ ጠበቃ ይቆማል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የአንድን ቦታ ሙሉ ሥዕል ያገኛል፤ አንዱን ብቻ ያነበበ ግን ወይ ለቅሶውን ወይ ጭፈራውን ብቻ ይሰማል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። ሐያስያን «የድረም ጸሐፊ» እና «የሶፊያታውን ጸሐፊ» የሚሉትን ሁለት ስያሜዎች ያቀላቅላሉ። የመጽሔቱ የልቦለድ አዘጋጅ የነበረው ኢስኪያ ምፋሌሌ ይኖር የነበረው በኦርላንዶ ነው፤ በ1959 የታተመው ግለ ታሪኩም የሚተርከው በዋናነት ስለ ማራባስታድ ነው። እርሱን በሶፊያታውን ዝርዝር ውስጥ መክተት ሰፈሩን ያደምቅ ይሆናል፤ የምፋሌሌን ሥራ ግን ከአፈሩ ይነቅለዋል።

ከዝርዝሩ የቀሩት

ዝርዝሩ ሌላም ጉድለት አለው። ሴቶች በአብዛኛው የሚታዩት በመድረክ ላይ ነው። በዚያ ሰፈር ያደገችው ዶሊ ራቴቤ በ1949 በወጣ ፊልም ተዋናይና ድምፃዊት ሆና ታወቀች። ማሪያም ማኬባም በ1959 በቀረበው፣ በከፊል በሶፊያታውን በተቀረጸው «ከም ባክ፣ አፍሪካ» በተባለው ፊልም ውስጥ ትዘፍናለች። ትዕይንቱ የተቀረጸው ከኛ ጠላ ቤት ጋር ሊነጻጸር በሚችል፣ ሕግ በከለከለው የመጠጥ ቤት ነው፤ ሞዲሳኔና ቴምባም በዚያው ትዕይንት ተቀምጠው ይከራከራሉ። ደራስያኑ የተከራከሩባቸውን፣ ወሬ የለቀሙባቸውንና ገጸ ባሕርያቶቻቸውን ያገኙባቸውን እንዲህ ያሉ ቤቶች በፖሊስ እየተሳደዱ ያቆሟቸው በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። የሞዲሳኔ እናት ከእነርሱ አንዷ ናት። ያለ እነዚህ ሴቶች ሥነ ጽሑፉ ባልኖረም ነበር፤ በታዋቂዎች ዝርዝር ውስጥ ግን ስማቸውን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ቴምባ ራሱ ይህን ጉዳይ ሳያስበው የነካው ይመስለኛል። በ1963 በታተመው ስለ ሱፍ ልብስ በሚተርከው አጭር ልቦለዱ ባል ሚስቱን ከውሽማዋ ጋር ይደርስባታል። ውሽማው ጥሎት የሸሸውን ሱፍ እንደ እንግዳ እያስተናገደች እንድትኖር ይፈርድባታል፤ ሴቲቱም በመጨረሻ ትሞታለች። ከቤቱ ውጭ በሕግ የተዋረደ ወንድ በቤቱ ውስጥ ሌላ ሕግ አውጪ ሲሆን የሚያሳይ ታሪክ ነው። ደራሲው ሰፈሩን ቢወድም ጭካኔውን አልሸፈነም።

ከመፍረስ በኋላ

እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 1955 ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ የታጠቁ ፖሊሶች ሰፈሩን ከበው የመጀመሪያዎቹን ቤተሰቦች በጭነት መኪና ወደ ሜዶላንድስ ወሰዱ። አባ ትሬቨር ሃድልስተንና ኔልሰን ማንዴላን የመሳሰሉ ሰዎች የተሳተፉበት ተቃውሞ ሊያስቆመው አልቻለም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከስድሳ ሺህ ያላነሰ ሰው ተነሣ፤ ቤቶቹ ፈረሱ። ቦታው ለነጮች ተሰጥቶ በአፍሪካንስ ቋንቋ «ድል» የሚል ትርጉም ያለው «ትሪዮምፍ» የሚል ስም ወጣለት። ከተረፉት ጥቂት ሕንፃዎች መካከል የዶክተር ዙማ ቤትና የክርስቶስ ንጉሥ ቤተ ክርስቲያን ይገኙበታል።

የ1963ን ዓመት ልብ እንበል። የሞዲሳኔ ግለ ታሪክና የቴምባ ልቦለድ የታተሙት በዚህ ዓመት ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ፓስፖርቷን የተነጠቀችው ማኬባ አዲስ አበባ ላይ የዘፈነችውም በዚሁ ዓመት ነው። ሰፈሩ ግን ያን ጊዜ በመሬት ላይ አልነበረም። በ1966 መንግሥት ቴምባንና ሞዲሳኔን ጨምሮ የበርካታ ስደተኞች ጽሑፍ እንዳይታተምና እንዳይጠቀስ አገደ። ቤቱን ያፈረሰው እጅ ትዝታውንም ሊያፈርስ ፈለገ ማለት ነው። ቴምባ በስዋዚላንድ፣ ሞዲሳኔ በ1986 በጀርመን አረፉ። ሰፈሩ የቀድሞ ስሙን መልሶ ያገኘው በ2006 ነው። ስሙ እንዲመለስ ያስቻለው አንዱ ነገር መጻሕፍቱ ስሙን ይዘው በመቆየታቸው ይመስለኛል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ለተማሪዬ ልሰጣት ይገባ የነበረው መልስ ይህ ነው። ደራሲን የአንድ ሰፈር ልጅ የሚያሰኘው እትብቱ የተቀበረበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ ሲጠፋ ጉድለቱ የሚሰማውና ጉድለቱን በቃል የሚሞላ ሰው እርሱ የሰፈሩ ልጅ ነው።

ይህን ስጽፍ ከራሴ ሕይወት ጋር አላያያዝኩትም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ያደግኩበት የአዲስ አበባ ሰፈር ዛሬ የለም። የሶፊያታውን ነዋሪዎች የተነሡት በዘር ሕግ ነውና ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ለታሪክም ለሟቾቹም ፍትሕ ማጓደል ነው። ሆኖም ግቢያችን የነበረበት ቦታ ላይ ቆሜ ስማቸውን ልጠራ ስሞክር መጀመሪያ የመጡልኝ በሰፈራችን ኖረው ያለፉ ሁለት የታወቁ ሰዎች ነበሩ፤ ጎረቤታችን የነበሩትና አራት ልጆች ጠላ ሸጠው ያስተማሩት እናት ትዝ ያሉኝ ቆይቶ ነው። ዝርዝሩን በልቤ ያዘጋጀሁት እኔም እንደሌሎቹ ነበር።

ስለዚህ በዚህ ክፍለ ትምህርት ለምናጠና ሁሉ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲፈልጉ ወደ ታተመው መጽሐፍ ብቻ አይሂዱ፤ መጽሐፉ ወደተጻፈበት ሰፈርም ይሂዱ፤ ነባር ነዋሪዎችን ይጠይቁ፤ የመጠጥ ቤቱን ባለቤት ስም ይመዝግቡ። ታዋቂውን ሰው ዝናው ያቆየዋል። እርሱን ያበላችውንና ያጠጣችውን፣ ወሬውንም የሰጠችውን ሴት ግን የሚያቆያት የኛ ማስታወሻ ደብተር ብቻ ነው።