የጓሳ ማገዶና ጠባቂዎቹ

ለደጋ ሰው ማገዶ ከእህል ቀጥሎ የሚታሰብ ነገር ነው። በመንዝ ብርድ እሳት የማይነድበት ቤት፥ እንጀራ ቢኖርበትም እንኳ፥ ቤት አይባልም። ዛፍ ባለቀበት አገር ደግሞ ኩበት ይነዳል፤ ኩበቱ ሲነድ እርሻው ፍግ ያጣል፤ ምርቱም ይቀንሳል። እንግዲህ ተቈርጦ እንደ ገና የሚበቅለውን ማገዶ ማን ይጠብቀው? ለዚህ ጥያቄ የመንዝ ሰዎች ከብዙ ዘመን በፊት መልስ ሰጥተውበታል።

በመሐል ሜዳ አቅራቢያ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፥ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር ምድር አለ። ሣሩ ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለጌሳ፥ አስታውና ሌላው ቍጥቋጦ ደግሞ ለማገዶ ይኾናል። ይህን ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘሮች ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ሕዝቡ በመረጠው አለቃ ትእዛዝ ጓሳው 3፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ 5 ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል፤ ይኸውም በበጋ ነው። ሐምሌ 5 ቀን፥ በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፥ ሰውም ከብትም ለቆ ይወጣል። ደንቡን የጣሰ ሰው ቤቱን እስከ ማቃጠል የሚደርስ ቅጣት ያገኘው ነበር።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱን በማመስገን ብቻ ማለፍ አይገባም። ድርሻው በዘር የሚቈጠር ስለ ነበረ፥ ርስት የሌለው ጎረቤት በደጁ ካለው ሣር አይካፈልም። በ1967 ዓ. ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን አድልዎ ሻረው፤ ነገር ግን ከርስቱ ጋራ ጠባቂው አብሮ ተሻረ። የሁሉ የተባለው ምድር የማንም ሳይኾን ቀረና ሣሩም ማገዶውም ያለ ጊዜው ይወሰድ ጀመር። በኋላ የአካባቢው ቀበሌዎች ኮሚቴ መርጠው፥ ጠባቂ አቁመው፥ መዝጊያውንና መክፈቻውን መለሱት። በዚህኛው ደንብ ግን ተካፋዩ የዘር ሐረግ አልተጠየቀም።

ዛሬ የመብራት መሥመር ላልደረሰባቸው መንደሮች ከፀሐይና ከወንዝ ውሃ ኀይል ማውጣት ይነገራል። ፀሐይ እንደ ሣር ታጭዳ አታልቅም፤ ባትሪው ግን ያረጃል፥ ሽቦውም ይበጠሳል። ስለዚህ መሣሪያው ከመተከሉ በፊት መዋጮውን የሚይዘው፥ ብልሽቱን የሚያስጠግነው፥ ድኻውም ድርሻ እንዲያገኝ የሚቈጣጠረው ሰው በመንደሩ ሸንጎ ይመረጥ። መንዝ በጓሳ ላይ ይህን ሁለት ጊዜ ተምሮታል፤ አንድ ጊዜ በመጠበቅ፥ አንድ ጊዜም በማጣት።