የእምድብር ሚሲዮን ትምህርት

የእምድብር ሚሲዮን ትምህርት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በጉራጌ ዞን፣ በቸሃ ወረዳ ዋና ከተማ በእምድብር የጀመረችው ዘመናዊ ትምህርት ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከብት ሲጠብቁ ያደጉ የቸሃ ልጆች ፊደል የቆጠሩት በዚህ ነው። ከተማሪዎቹ መካከል ስማቸው ርቆ ከተሰማው አንዱ ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ናቸው።

ቸሃ ከሰባት ቤት ጉራጌ አንዱ ነው። የአገሩ ኑሮ በእንሰት ላይ የቆመ ነው። እንሰት ተተክሎ ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ በመካከሉ ግን ቤተሰቡ መብላት፣ ግብር መክፈልና ልጅ ማሳደግ አለበት። ልጁ ሮጦ መመለስ ከቻለበት ጊዜ ጀምሮ ጥጃ ይጠብቃል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል። ስለዚህ ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ለአባት ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ አንድ እረኛ ከቤት መጉደሉ ነውና። መሬቱ ለወንድማማቾች ሲከፋፈል እየጠበበ ሲሄድ ደግሞ ልጆች ገና በለጋነታቸው ወደ አዲስ አበባ ይወጣሉ። እዚያ የሚጠብቃቸው የሊስትሮ ሳጥን፣ ሱቅ በደረቴ ወይም የመርካቶ ተሸካሚነት ነው። ከነዚህ መካከል በኋላ ትልቅ ነጋዴ የሆነ ሞልቷል፤ ይህ ስኬት ስለሚተረክ ግን ያለ እናት፣ ያለ አሳዳጊ ከተማ የገባው ሕፃን የከፈለው ዋጋ መረሳት የለበትም።

ክርስትና ለጉራጌ አገር እንግዳ አይደለም። የምሁር ኢየሱስና የምድረ ከብድ ገዳማት የቆየ ታሪክ አላቸው። በኦርቶዶክስ የአብነት ትምህርትም ድኻ ልጅ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ መማር ይችል ነበር። የቆሎ ተማሪነት ወላጅ የሌለውን ልጅ ለሊቅነት ያበቃ ሥርዓት ነው። ነገር ግን በቸሃ ገጠር ብዙው ሰው ዋቅና ቦዠ በሚባሉት አማልክት ባህላዊ እምነት ይኖር ስለነበር፣ የቤተ ክህነት ትምህርት የሁሉም ልጅ ደጅ ላይ አልደረሰም። ካፑቺን የተባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ሚሲዮናውያንና ከራሱ ከጉራጌ የተገኙት ካህን አባ ፍራንሷ ማርቆስ የሠሩት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። የአባ ፍራንሷ ድርሻ በተለይ ትልቅ ነበር፤ የአገሩን ቋንቋና ልማድ የሚያውቅ ካህን አባትን «ልጅህን ስጠኝ፣ ላስተምረው» ሲለው አደራው ይታመናል። ጸሎቱና ንባቡ በአንድ ግቢ ይሰጡ ስለነበር፣ ለብዙ ልጅ እምነትና ትምህርት ተለያይተው አልመጡም።

ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1936 በቸሃ በዋርደና መንደር ተወለዱ። በእምድብር ሚሲዮን ተምረው አዲስ አበባ ገቡ፤ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በኋላም በፈረንሳይና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተማሩ። በሎስ አንጀለስ የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ያስተምሩ ነበር፤ ወጣቱ የቸሃን ኑሮ በገዛ አፍ መፍቻ ቋንቋው፣ በቸሃኛ፣ ጻፈው። ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት እ.ኤ.አ. በ1964 «የሽነጋ መንደር» በሚል ርእስ ታተመ። መጽሐፉ በጉራጌ መንደር የሚያድግን ልጅ ሕይወት ይከተላል። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ የጻፉት «አፈርሳታ» (እ.ኤ.አ. 1969) ውድማ በምትባል መንደር የአንድ ሰው ጎጆ ሲቃጠል ሕዝቡ ተሰብስቦ ወንጀለኛውን እንዴት እንደሚያፈላልግ ያሳያል። የዐፄ ቴዎድሮስን አነሣስ የተረኩበት «ተዋጊው ንጉሥ» እ.ኤ.አ. በ1974 ወጣ። ከአማርኛ ሥራዎቻቸው «ወጣት ይፍረደው» ይጠቀሳል፤ የቪክቶር ሁጎን የመከረኞች ታሪክም ወደ አማርኛ መልሰዋል።

የዚህ ጸሐፊ ዋጋ በደረሱበት ማዕርግ ብቻ አይለካም። የሚሲዮን ትምህርት ልጅን ከወገኑ ይነጥላል የሚል ክስ በአፍሪካ ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ በብዙ ቦታም እውነት ነው። እኚህ የእምድብር ተማሪ ግን ካሊፎርኒያ ተቀምጠው የጻፉት ስለ ጀፎረው (የመንደሩ ሰፊ መንገድ)፣ ስለ እንሰቱና ስለ ሽማግሌዎቹ ሸንጎ ነው፤ ያውም እስከዚያ ድረስ ልብ ወለድ ባልተጻፈበት ቋንቋ።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ሥራ በመማሪያ ክፍል አልተወሰነም። እ.ኤ.አ. በ1969 የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ የአጣጥ ሆስፒታልን ከፈቱ፤ ሆስፒታሉ ከሕክምናው ጎን ለጎን በየመንደሩ የንጹሕ ውኃ ሥራ አስፋፍቷል። ውኃ ሲቀርብ ወደ ምንጭ ትመላለስ የነበረች ልጅ ለትምህርት ጊዜ ታገኛለች። የአገሩ ልማት የቤተ ክርስቲያን ሥራ ብቻ አልነበረም፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ማሠራት ሲጀምሩም፣ ከአዋጪዎቹ ብዙዎቹ በልጅነታቸው በእግር ተጉዘው ከተማ የገቡ ነበሩ።

እምድብር በ1996 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳሳት ሀገረ ስብከት ተለይታ በግእዝ ሥርዓት የምትመራ የራሷ ሀገረ ስብከት ሆናለች፤ የመጀመሪያው ጳጳስ ካፑቺናዊው አቡነ ሙሴ ገብረጊዮርጊስ ነበሩ። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ግቢውን በጉብሬ ስለተከለ፣ ዛሬ አንድ የቸሃ ልጅ ከአንደኛ ክፍል እስከ ዲግሪ ከአገሩ ሳይርቅ መማር ይችላል።