«አንተ» የሚለው ቃል ከእንግሊዝኛ እንዴት እንደ ጠፋ

እንግሊዝኛን የሚማር የአገራችን ተማሪ ሁሉ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ጥያቄ ያጋጥመዋል። ለአንድ ወንድ «ሂ ኢዝ»፥ ለአንዲት ሴት «ሺ ኢዝ» ከተባለ፥ ከፊቱ ለቆመው ለአንዱ ጓደኛው ስለ ምን «ዩ አር» ይባላል? «አር» የብዙዎች ግስ አይደለምን? መምህሩም ብዙ ጊዜ «ሕጉ እንዲህ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ዳሩ ግን ይህ ሕግ ረዥም ታሪክ አለው፤ በዚህች አነስተኛ ቃል ምክንያት የተደበደቡ ሰዎች አሉ።

በጥንቱ እንግሊዝኛ ነገሩ ግልጥ ነበረ። ለአንድ ሰው «ዛው»፥ ለብዙዎች «ዪ» ይባል ነበር፤ ዛሬ የምናውቀው «ዩ» የዚሁ የ«ዪ» ተሳቢ ነበረ። ግሱም ከባለቤቱ ጋር በቁጥር ይስማማ ነበር። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1066 ዓ.ም. ኖርማኖች እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳይኛ የመኳንንቱ ቋንቋ ሆነ። ፈረንሳዮች ትልቅ ሰውን በብዙ ቁጥር የመጥራት ልማድ ነበራቸውና፥ ይህ ልማድ ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ገባ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እኛም «አባቴ መጡ» እንጂ «አባቴ መጣ» ለማለት እናፍራለን፤ አባት አንድ ሲሆን ግሱን የብዙዎች እናደርገዋለን። አክብሮት ቁጥርን ያሸንፋል ማለት ነው። ልዩነቱ ግን የእኛ «አንተ» ከ«እርስዎ» ጋር እስከ ዛሬ አብሮ ሲኖር፥ የእንግሊዞቹ «ዛው» ከዕለት ንግግር መጥፋቱ ነው። ሰው ሁሉ እንዳያስቀይም በመፍራት ለማያውቀውም ሰው «ዩ» ማለትን መረጠ። «ዛው» ለጸሎት፥ ለቅርብ ወዳጅ፥ ለልጅና ለሎሌ፥ ከዚያም ለስድብ ቀረ። በ1603 ዓ.ም. ሰር ዎልተር ራሌይ በክሕደት ተከሶ ሲቀርብ፥ የመንግሥቱ ጠበቃ ኤድዋርድ ኮክ ይህን ታላቅ ሰው ሆነ ብሎ «ዛው» እያለ በችሎት ፊት አዋርዶታል።

ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ ጆርጅ ፎክስና ኩዌከሮች የተባሉት ተከታዮቹ ተነሡ። እነዚህ ሰዎች በእግዚአብሔር ፊት ሰው ሁሉ እኩል ነው ይሉ ነበርና፥ ለገበሬውም ለዳኛውም ያለ ልዩነት «ዛው» አሉ። አንዱን ሰው እንደ ብዙ አድርጎ መጥራት ለእነርሱ ውሸትና ከንቱ ውዳሴ ነበረ። ሰሚው ግን ነገሩን እንደ ድፍረት ቈጠረው፤ ብዙዎቹም ስለዚሁ ቃል ተደበደቡ። ቶማስ ኤልዉድ የተባለው ወጣት ባርኔጣውን ሳያወልቅ አባቱን «ዛው» በማለቱ በገዛ አባቱ እጅ መመታቱን ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ተርኳል።

በ1660 ዓ.ም. ፎክስ፥ ጆን ስተብስና ቤንጃሚን ፈርሊ መምህራንን ነጠላና ብዙ ቁጥር የሚያስተምር አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ለአንድ ሰው አንድ፥ ለብዙ ሰው ብዙ መባል እንዳለበት ከሃያ በሚበልጡ ልሳናት ምሳሌ ለማስረዳት ተነሡ። በመጽሐፉ ርእስ ገጽ ላይ ከዕብራይስጥ፥ ከጽርእና ከዓረብኛ ጋር የኢትዮጵያ ልሳን ተጠቅሶ ይገኛል፤ በዚያ ዘመን የኤውሮፓ ሊቃውንት በዚህ ስም የሚጠሩት ግዕዝን ነበረ። በእርግጥም ግዕዝ ለአንዱ «አንተ»፥ ለብዙዎች «አንትሙ» ብሎ አጥርቶ ይለያል።

ይሁን እንጂ ኩዌከሮቹ አላሸነፉም፤ ቋንቋ የብዙኃኑን አፍ ይከተላልና። «ዩ» አንዱንም ብዙውንም ጠቀለለ። በ18ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሣ። «ዩ» አንድ ሰው ከሆነ ግሱም ነጠላ ይሁን በማለት ብዙዎች «ዩ ዎዝ» ይሉና ይጽፉ ነበር። ሮበርት ላውዝ በ1762 ዓ.ም. ባወጣው ሰዋስው ይህን እንደ ከባድ ስሕተት ነቀፈው፤ አሜሪካዊው ኖህ ዌብስተር ግን ደገፈው። በትምህርት ቤት የላውዝ ቃል ጸና፤ ተውላጠ ስሙ ወደ ነጠላነት ሲያልፍ ግሱ በቀድሞው ብዙነቱ ቀረ።

ተመሳሳይ ነገር በዘመናችን ይታያል። «እነርሱ» የሚል ትርጉም ያለው «ዘይ»፥ ማንነቱ ላልታወቀ አንድ ሰው ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሲነገር ኖሯል። በ2019 ዓ.ም. የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት «እርሱ» ወይም «እርሷ» መባልን ለማይወድ አንድ ሰውም እንደሚያገለግል መዘገበ። ግሱ አሁንም «አር» ነው። የሚቃወሙትም «አንድ እንዴት ብዙ ይባላል?» ይላሉ፤ ፎክስም ስለ «ዩ» ያለው ይህንኑ ነበር።

እንግዲህ ተማሪው ስለ «ዩ አር» ሲጠይቅ መምህሩ ይህ ግስ የጥንት አክብሮት ቅሪት መሆኑን ቢነግረው ደንቡን ከመሸምደድ ይድናል። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን ባለጉዳዩን «አንተ» ወይም «እርስዎ» ስንል የምንመርጠው የግስ መድረሻን ብቻ አይደለም፤ ለሰውየው የምንሰጠውን ስፍራ ጭምር ነው።