መጸው በረሃብ ኮረብታ

ባለፈው ኅዳር አንድ ማታ ባለቤቴ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ጋቢ ፈለገች፤ አጣች። ጋቢው እንደ ሌላው ጋቢ አይደለም። እናቴ በሕይወት ሳለች በገዛ እጇ ፈትላ፣ ደብረ ብርሃን አሸምና የላከችልን ነው። ልጆቹን ጠየቀች፤ አላዩም። እኔን ስትጠይቀኝ ጥቂት ዝም አልኩና እውነቱን ተናገርኩ። ጋቢው ከቤታችን የሃያ ደቂቃ መንገድ ርቆ፣ ኮረብታ ላይ ባለች አንዲት የመስታወት ቤት ውስጥ፣ በገንቦ የተተከለ ኮሰረት ላይ ተደርቦ ነበር።

በዚያ ሌሊት ውርጭ እንደሚወርድ ሬዲዮው ተናግሯል። የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆንኩ ውርጭ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረኝ አያሻኝም። ለምለም የባቄላ ማሳ በአንድ ሌሊት እሳት እንደነካው ጠቁሮ ሲያድር እያየሁ ነው ያደግሁት። ባለቤቴ ብዙ አልተቆጣችም። «ለመሆኑ ሰው ከአልጋው ላይ ገፎ ተክል ያለብሳል?» ብላ ብቻ ዝም አለች።

ያለብሳል። እኛ በምንኖርበት በዚሁ በኖቲንግሃም ከተማ፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ አንድ ሰው ይህንኑ አድርጓል። የእሱን ነገር ለመረዳት ግን አስቀድሞ የኮረብታውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ የኛ ነው ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኖቲንግሃም በእንግሊዝ አገር መካከል የምትገኝ፣ በዳንቴል ሥራ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። ከመሐል ከተማው ወጣ ብሎ ሴንት አንስ በሚባለው ሰፈር 75 ኤከር፣ ማለትም 30 ሄክታር ያህል መሬት፣ በረጃጅም የቁጥቋጦ አጥር ተከፋፍሎ ከ600 በላይ የአትክልት ቦታዎች ሆኗል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሀንገርሂል ይባላሉ፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የረሃብ ኮረብታ» ማለት ነው። እንግሊዞች እንዲህ ያለ ስም የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ ፍሬ ለማይሰጥ ደካማ መሬት ነው። እኛም ከዚሁ ኮረብታ አንዲት ቁራሽ ተከራይተን እንቆፍራለን።

በኛ የዘመን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት መጸው ነው። ለኛ መጸው አበባ፣ እሸትና የጠራ ሰማይ ነው። በእንግሊዝ ግን እነዚሁ ሦስት ወራት የመዝጊያ ወራት ናቸው። ቅጠል ይረግፋል፤ ቀኑ በየዕለቱ ያጥራል፤ በታኅሣሥ በኛ ሰዓት ከቀኑ አሥር ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። እንግዳ ሰው ጓሮውም አብሮ የሚተኛ ይመስለዋል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት እንደዚያ መስሎኝ ዶማና አካፋዬን አጥቤ ሰቅዬ ነበር።

ያስተማረኝ ጎረቤቴ ነው። ሰማንያን ያለፈ፣ ዕድሜውን በዳንቴል ፋብሪካ የፈጀ ሽማግሌ ነው። ምግብ በራሽን ይታደል የነበረበትን፣ እስከ 1954 የቆየውን ዘመን በልጅነቱ አይቷል። በጥቅምት መጨረሻ መጣና የተሰቀለውን አካፋ አውርዶ ሰጠኝ። ባቄላ አሁን ይዘራል አለኝ፤ በበረዶ ሥር ቆይቶ በጸደይ ከሁሉ ቀድሞ ያብባልና። ነጭ ሽንኩርትም አሁን ይተከላል፤ ብርድ ካልነካው ፍንካች አይከፍልም። ካሮት የሚመስለውን ነጭ ሥር፣ ፓርስኒፕ የሚሉትን፣ ውርጭ ሳይመታው አትንቀለው አለኝ። በኋላ እንደተረዳሁት ብርዱ የሥሩን ስታርች ወደ ስኳር ስለሚለውጠው ነው የሚጣፍጠው። ባሮ ሽንኩርትና አውራ ጣት የሚያህሉት ጥቅል ጎመኖችም መሬት ላይ እንደቆሙ ብርዱን ይከርማሉ። እናቱ ስድስት ልጆች በእነዚህ እንዳከረመች የነገረኝ ያን ዕለት ነው። በበጋማ ማንም ያበላል፤ ቤተሰብ የሚፈተነው ከኅዳር በኋላ ነው አለኝ።

ይህ አባባሉ የእንግሊዝን ድሃ ታሪክ ወደ ማንበብ መራኝ። በድሮ ጊዜ የገጠሩ ሰው የራሱ መሬት ባይኖረውም የወል መሬት ነበረው። አንዲት ላም ያሰማራል፤ ማገዶ ይለቅማል፤ ዝይ ያረባል። ከ1604 እስከ 1914 ድረስ ግን የእንግሊዝ ፓርላማ ከ5,200 በላይ የአጥር ሕጎችን አወጣ። በእነዚህ ሕጎች 6.8 ሚሊዮን ኤከር፣ ማለት ከእንግሊዝ መሬት ከአምስት እጅ አንዱ ያህል፣ ታጥሮ የግል ሆነ። ባለ መብት ነኝ ብሎ በወረቀት ማስረዳት የቻለ ድርሻውን ወሰደ። ያልቻለው የሰው ቅጥረኛ ሆነ። ቅጥረኛ ደግሞ መከር ካለፈ በኋላ ሥራ የለውም። በመከር ማግሥት የሚቀረው ሥራ የአውድማው ነበር፤ እሱንም የመውቂያ መኪና ወሰደበት።

በ1830 የነሐሴ ወር ማብቂያ ላይ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ሠራተኞች የመውቂያ መኪናዎችን መስበር ጀመሩ። ኅዳር ሲገባ ዐመፁ በብዙ አውራጃዎች ተቀጣጠለ፤ ሌሊት የእህል ክምር ይነድ ነበር። መንግሥት 19 ሰዎችን ሰቀለ፤ በመቶ የሚቆጠሩትንም በመርከብ ጭኖ ወደ አውስትራሊያ አጋዘ። ከዚያ ወዲህ ነው ባለ ርስቶችና የደብር ቄሶች ለድሃ ቁራሽ መሬት ማከራየቱን ያበዙት። እንግሊዞች ይህን ቁራሽ «አሎትመንት» ይሉታል፤ ድርሻ ማለት ነው።

ይህ ቸርነት ከፍርሃት የተወለደ ስለነበር ደንቡ ብዙ ነበር። በብዙ ቦታ ተከራዩ እሑድ እንዳይቆፍር፣ ቤተ ክርስቲያንም እንዳይቀር ይገደድ ነበር። ቁራሹም ትንሽ እንዲሆን ይፈለግ ነበር፤ ሠራተኛው ጉልበቱን ለራሱ መደብ ቆጥቦ በጌታው ማሳ ላይ እንዳይለግም ተብሎ። በ1845 የወጣው አጠቃላይ የአጥር ሕግ መሬት ሲታጠር ለድሃው የሚሆን ድርሻ እንዲቀር አዘዘ። ሆኖም እስከ 1869 ከታጠረው 615,000 ኤከር ገደማ ለድሃው የደረሰው 2,200 ያህል ብቻ ነው።

በዚያው በ1845 ለኖቲንግሃምም የራሷ የአጥር ሕግ ወጣላት። ከዚያ በፊት ከተማዋ በወል ማሳ ስለተከበበች ወደ ውጭ መስፋት አልቻለችም፤ የዳንቴልና የሹራብ ሠራተኛው በጠባብ ጓሮዎች ተደራርቦ ይኖር ነበር። እነዚህ የኮረብታው የአትክልት ቦታዎች ለከተማው ሰው መከራየት የጀመሩት ከሕጉ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ነው። በመጀመሪያ የወሰዷቸው ብዙዎቹ ባለ ሱቆች ነበሩ። ሠራተኛውም ቀስ በቀስ ገባበት። ድንችና ጎመን ተከለ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን ነገር አደረገ፤ ጽጌረዳ ተከለ።

ይህን የምናውቀው ሳሙኤል ሬይኖልድስ ሆል ከተባለ ቄስ ነው። ሆል በኖቲንግሃም አቅራቢያ በምትገኝ ኮንተን በምትባል መንደር የሚኖር፣ በ1858 በለንደን የመጀመሪያውን ብሔራዊ የጽጌረዳ ትርኢት ያዘጋጀ ሰው ነው። አንድ ቀን ከኖቲንግሃም ሠራተኞች ደብዳቤ ደረሰው። በፋሲካ ማግሥት የጽጌረዳ ውድድር ስላለን መጥተህ ዳኘን የሚል ነበር። በዚያ አገር በሚያዝያ ጽጌረዳ በደጅ ስለማያብብ ሆል የሚቀልዱበት መሰለው። ሄዶ ሲያይ ግን በአንድ መጠጥ ቤት ክፍል ውስጥ እጅግ ያማረ ጽጌረዳ በጠርሙስ ተደርድሮ አገኘ። ሠራተኞቹ ከኮረብታው ላይ በትናንሽ የመስታወት ቤቶች ያሳደጉት ነበር። ውድ ውድ ችግኝ ከየት አምጥተህ ትገዛለህ ብሎ አንዱን ቢጠይቀው፣ ከቢራ ቤት በመራቅ ነው አለው።

ሆል በ1869 ባሳተመው የጽጌረዳ መጽሐፉ ከአንዲት ወይዘሮ የሰማውን አንድ ነገር ጽፏል። ወይዘሮዋ ብርዱ በጠናበት ሰሞን ወደ አንድ ሠራተኛ ቤት ትገባለች። የባልና ሚስቱ አልጋ የሳሳ መሆኑን አይታ ሌላ ብርድ ልብስ የላችሁም ወይ ትላለች። ሚስቲቱ አለን፤ ግን አሁን እቤት የለም ትላለች። ወይዘሮዋ በወለድ አስይዘውት መስሏት ትደነግጣለች። ሚስቲቱ እያፈረች፣ ባሏ ውርጭ እንዳይገባ የመስታወቱን ቤት ሊያለብስበት እንደወሰደው፣ እነሱም በአልጋቸው ምንም እንዳልበረዳቸው ትነግራታለች።

ይህን ለባለቤቴ አነበብኩላት። የገረማት ባልየው ሳይሆን ሚስቲቱ ናት። «በርዷት ነበር፤ ለእንግዳ ሰው ግን ባሏን አላማችም» አለች። እውነቷን ነው። ስለ ጓሮ የተጻፈው ታሪክ ስለ ቆፋሪው ያወራል፤ እቤት ሆና ስለበረዳት ሴት የሚያወራው ጥቂት ነው። ቄሱ ስለ ጽጌረዳ ሊጽፍ ተነሥቶ ሳያስበው የአንድን ቤተሰብ አልጋ አሳየን። ድሃውን ዝም ለማሰኘት ተብሎ የተከራየ ቁራሽ መሬት በሁለት ትውልድ ውስጥ ባልና ሚስት ብርድ ልብሳቸውን የሚሰጡት ነገር ሆኖ ነበር። ይህን ያዘዘ ሕግ አልነበረም።

ሕጉ ዘግይቶ ደረሰ። በ1908 የወጣው ሕግ ጠያቂ እስካለ ድረስ የአካባቢው አስተዳደር አሎትመንት እንዲያቀርብ ግዴታ ጣለበት። የተለመደው መጠንም 10 ሮድ፣ ማለት 250 ካሬ ሜትር ያህል ሆነ። ቀጥሎ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ፤ በ1917 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች እህል ጫኝ መርከቦችን ማስጠም ሲያበዙ የከተማው ሰው መናፈሻውን ሳይቀር ቆፈረ። ጦርነቱ ሲያበቃ የአሎትመንቱ ቁጥር ወደ 1.5 ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

በዚያው በ1918 መጸው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ እንግሊዝንም እኛንም አንድ ላይ መታ። እኛ የኅዳር በሽታ ያልነው ነው፤ በኛ አቆጣጠር ኅዳር 1911። እንግሊዞች በየዓመቱ ኖቬምበር 5 ቀን፣ በ1605 ፓርላማውን በባሩድ ለማፈንዳት የተሞከረበትን ሤራ እያስታወሱ እሳት ያነዳሉ። ልጆቼ ይህን «ሁለተኛው ደመራ» ይሉታል። ኮረብታው ላይም የደረቀ ግንድና የታመመ ቅጠል ይቃጠላል፤ ከመለኮሱ በፊት ልጄ ከክምሩ ሥር የተደበቀ ጃርት እንዳይኖር በእንጨት ትፈትሻለች። የኔ ሐሳብ ግን ጭሱ ሲሸተኝ ከባሩዱ ሤራ ይልቅ ወደ ኅዳር ሚካኤል፣ «ኅዳር ሲታጠን» ወደሚባለው የአዲስ አበባ ጢስ ይሄዳል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መንግሥት በጥቅምት 1939 «ለድል ቆፍሩ» የሚል ዘመቻ ጀመረ። የለንደን ግንብ ዙሪያ ያለው ጥልቅ ቦይ ሳይቀር ጎመን በቀለበት። ከዘመቻው ማስታወቂያዎች አንዱ ለበጋ ብቻ ሳይሆን ለብርዱም ወራት ትከሉ የሚል ነበር፤ የጎረቤቴን እናት ቃል የሰማ ይመስላል። ከጦርነቱ በኋላ ሱቁ ሲሞላ አካፋው ተሰቀለ። ብዙ አሎትመንት ቤት ተሠራበት፤ የረሃብ ኮረብታም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ብዙ ቦታው ዳዋ ውጦት ነበር። ያዳኑት እዚያው የሚቆፍሩት ሰዎች ናቸው። ታሪኩን አስመዝግበው በሕግ የተጠበቀ ቅርስ አሰኙት። ዛሬ ጎረቤቶቼ ከካሪቢያን፣ ከፓኪስታን፣ ከፖላንድ የመጡ ናቸው፤ እንደ ሽማግሌው ያለ የዚያው ሰፈር ተወላጅም አለ።

ጋቢውን በማግሥቱ አመጣሁት። ጭቃ ነክቶታል፤ ጥለቱም ረጥቧል። ባለቤቴ በለብ ያለ ውኃ በእጇ አጥባ ከማሞቂያው አጠገብ አሰጣችው። ኮሰረቱ ከዳር ያሉት ቅጠሎቹ ጠቁረዋል፤ መካከሉ ግን አረንጓዴ ነበር። ታኅሣሥ ገብቶ ሌላ ውርጭ በተነገረ ዕለት፣ ካፖርቴን ለብሼ ስወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ። በእጇ ልጆቹ ሲያድጉ የተውትን የሳሳ ብርድ ልብስ ይዛለች።

«እንካ፤ ይኼን አልብሰው» አለች። «የእማማን ጋቢ ግን ሁለተኛ እንዳትነካ።»